ልዩነቱ የት ላይ ነው? ሁለት ፋይሎችን ስለማነጻጸር

ከጥቂት ዓመታት በፊት ሁለት የፊዚክስ ተማሪዎች በአንድ የላቦራቶሪ ጠረጴዛ ላይ፣ በአንድ ክር፣ በአንድ የብረት ኳስና በአንድ ስቶፕዎች አንድ ሙከራ አብረው ሠሩ። ሙከራው ለአንባቢዎቻችን እንግዳ አይደለም። የፔንዱለምን ርዝመት እየለዋወጡ የ20 ምልልስ ጊዜ መለካት፣ ከዚያም በመሬት ስበት ምክንያት የሚወድቅ አካል ፍጥነቱ በየሰከንዱ ምን ያህል እንደሚጨምር ማስላት ነው። ተማሪዎች በተለምዶ «ጂ» የሚሉት ይህ መጠን በአዲስ አበባ ከፍታ 9.77 ሜትር በሰከንድ ካሬ ገደማ ነው። ሁለቱ ተማሪዎች ርዝመቱን ከ20 ሳንቲ ሜትር ጀምረው በ10 በ10 እየጨመሩ እስከ 100 ሳንቲ ሜትር አደረሱ፤ እያንዳንዱንም ርዝመት አምስት አምስት ጊዜ ለኩ። በድምሩ 45 ልኬቶች ተመዘገቡ።

ልኬቶቹን ከማስታወሻ ደብተሩ ወደ ኮምፒውተር ያስገቡትና ሪፖርታቸውን የጻፉት ግን ለየብቻ ነበር። ባስረከቡን ጊዜ የአንደኛው ተማሪ ውጤት 9.33፣ የሁለተኛዋ 9.77 ሆኖ ተገኘ።

አንድ ላይ የተለካ ልኬት፣ ስሌቱ ትክክል እስከ ሆነ ድረስ፣ ሁለት ውጤት ሊሰጥ አይችልም። ስሌታቸውን መረመርነው፤ በሁለቱም ዘንድ ትክክል ነው። ስለዚህ ጥርጣሬያችን በራሳቸው በቁጥሮቹ ላይ ወደቀ። የሚጠበቀውን መልስ አስቀድሞ የሚያውቅ ሰው ልኬቱን ወደ መልሱ ለመጎተት እንደሚፈተን የታወቀ ነው፤ በመሆኑም ዓይናችን ያረፈው በተሳሳተው ውጤት ላይ ሳይሆን እንከን በሌለው በ9.77 ላይ ነበር። ይህ ቀላል ጥርጣሬ አይደለም። ልኬት ፈጥራለች የተባለች ተማሪ የምታጣው ማርክ ብቻ አይደለም፤ ስሟም አብሮ ይጎድፋል። ፍርድ ከመስጠታችን በፊት ማወቅ የነበረብን አንድ ነገር ነበር፦ ሁለቱ ፋይሎች የሚለያዩት የት ላይ ነው?

የዚህ ጽሑፍ ርእስ ጥያቄው ራሱና ለጥያቄው መልስ ለመስጠት የተሠራው «ዲፍ» የተባለ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ዲፍ መልክ የለውም፤ መስኮት አይከፍትም፤ በአይጥ አይጠቀሙበትም። በትእዛዝ መስመር ላይ ስሙንና የሁለት ፋይሎችን ስም ሲጽፉለት ልዩነታቸውን በጽሑፍ ዘርዝሮ ያበቃል። ከግማሽ ምእተ ዓመት በላይ ዕድሜ ያለው ይህ መሣሪያ ምን እንደሚሠራ፣ እንዴት እንደሚሠራና ከሁሉም በላይ ምን ሊሠራ እንደማይችል ቀጥለን እንመለከታለን።

ዓይን ለምን ይታለላል?

መጻሕፍት በብራና ላይ በእጅ ሲገለበጡ የቁም ጸሐፊው ትልቁ ጠላት የገዛ ዓይኑ ነው። አንድ ቃል በሁለት ተቀራራቢ መስመሮች ላይ ሲገኝ ዓይን ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው ይዘልና በመካከል ያለው ሁሉ ሳይጻፍ ይቀራል። ጸሐፊው ግልባጩን መልሶ ቢያነብም ስሕተቱ አይታየውም፤ የሚያነበው የተጻፈውን ሳይሆን ሊጽፍ ያሰበውን ነውና። ስለዚህ ግልባጭን ከእናቱ ጋር ቃል በቃል ማመሳከር ከመጻፉ የማይተናነስ ሥራ ነው።

ለኮምፒውተር ሥራው ቀላል ይመስላል። የመጀመሪያውን ፋይል አንደኛ መስመር ከሁለተኛው ፋይል አንደኛ መስመር ጋር፣ ሁለተኛውን ከሁለተኛው ጋር እያለ ያስተያይ ብንለውስ? ችግሩን በምሳሌ እንመልከት። አንድ ሰው ከአዲስ አበባ ወደ ሰሜን በሚወስደው መንገድ ላይ ያሉ ከተሞችን በየመስመሩ ጻፈ እንበል፦

አዲስ አበባ
ደብረ ብርሃን
ደሴ
ወልድያ
መቀሌ

ሌላ ሰው ደግሞ ይህንኑ ዝርዝር ገልብጦ አንዲት ከተማ ጨመረበት፦

አዲስ አበባ
ደብረ ብርሃን
ኮምቦልቻ
ደሴ
ወልድያ
መቀሌ

በመስመር ቁጥር ብናስተያያቸው ሦስተኛው መስመር ደሴና ኮምቦልቻ፣ አራተኛው ወልድያና ደሴ፣ አምስተኛው መቀሌና ወልድያ ይሆናል፤ ስድስተኛው ከነጭራሹ አቻ የለውም። ኮምፒውተሩ «ከሦስተኛው መስመር በኋላ ሁሉም ይለያያል» ይለናል። ማንኛውም አንባቢ ግን በአንድ እይታ «ኮምቦልቻ ተጨምራለች» ይላል። በአንባቢው መልስና በኮምፒውተሩ መልስ መካከል ያለው ርቀት ዲፍን የወለደው ችግር ነው።

ረጅሙ የጋራ ቅደም ተከተል

ዲፍ የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ፣ ዩኒክስ የተባለው ሥርዓት በተወለደበት በአሜሪካው ቤል ላቦራቶሪስ ውስጥ ነው። ደራሲው ዳግላስ ማክኢልሮይ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1974 ከአምስተኛው የዩኒክስ እትም ጋር ለተጠቃሚዎች ቀረበ። የመጀመሪያውን ሙከራዊ ፕሮግራም ከሠራው ከጄምስ ሃንት ጋር በመሆንም አሠራሩን እ.ኤ.አ. በ1976 ባወጡት የምርምር ሪፖርት አብራርተውታል።

የሐሳቡ ቁልፍ ጥያቄውን መገልበጥ ነው። «የሚለያየው ምንድን ነው?» ብሎ ከመነሣት ይልቅ «የማይለያየው ምንድን ነው?» ብሎ ይነሣል። በሁለቱም ፋይሎች ውስጥ በተመሳሳይ ቅደም ተከተል የሚገኙትን፣ የግድ ተከታታይ መሆን ግን የማይጠበቅባቸውን፣ እጅግ ብዙ መስመሮች ይፈልጋል። ይህም «ረጅሙ የጋራ ቅደም ተከተል» ይባላል። በምሳሌያችን አዲስ አበባ፣ ደብረ ብርሃን፣ ደሴ፣ ወልድያና መቀሌ የጋራ ናቸው፤ ርዝመቱ 5 ነው። ከዚህ ቅደም ተከተል ውጭ ሆኖ በመጀመሪያው ፋይል ብቻ የሚገኝ መስመር «የተሰረዘ»፣ በሁለተኛው ብቻ የሚገኝ ደግሞ «የተጨመረ» ይባላል። ኮምቦልቻ ብቻዋን ትቀራለች።

ይሁን እንጂ ረጅሙን እንዴት እናገኘዋለን? ከመጀመሪያው ፋይል መስመሮችን በሚቻለው መንገድ ሁሉ እየመረጥን በሁለተኛው ውስጥ እንፈልግ ብንል፣ እያንዳንዱ መስመር ወይ ይመረጣል ወይ አይመረጥም። ስለዚህ 100 መስመር ላለው ፋይል የምርጫዎቹ ብዛት ሁለት ለመቶ ጊዜ በራሱ ሲባዛ የሚገኘው ነው፤ ይኸውም ከ1 ቀጥሎ 30 ዜሮዎች ያሉት ቁጥር ያህል ይሆናል። በሰከንድ አንድ ቢሊዮን ምርጫ የሚመረምር ኮምፒውተር ቢኖረን ሥራውን ለመጨረስ 40 ትሪሊዮን ዓመት ገደማ ያስፈልገዋል። የዩኒቨርስ ዕድሜ 13.8 ቢሊዮን ዓመት ገደማ መሆኑን ልብ ይሏል።

መፍትሔው ትልቁን ጥያቄ ከትንንሾቹ መልሶች መገንባት ነው። አግድም የአንደኛው ፋይል መስመሮች፣ ቁልቁል የሁለተኛው የተደረደሩበት ሠንጠረዥ እንሥራ። በእያንዳንዱ ሳጥን ውስጥ እስከዚያ ድረስ ያሉት መስመሮች ረጅሙ የጋራ ቅደም ተከተል ስንት እንደሆነ እንጽፋለን። ሕጉ አጭር ነው። በሳጥኑ የሚገናኙት ሁለት መስመሮች አንድ ከሆኑ በሰያፍ ከላይና ከግራ ካለው ሳጥን ቁጥር ላይ 1 እንደምራለን፤ የተለያዩ ከሆኑ ደግሞ ከላዩና ከግራው ሳጥን የሚበልጠውን እንወስዳለን። የመጨረሻው ሳጥን መልሱን ይሰጠናል። ለ100 መስመሮች 10,000 ሳጥኖች ብቻ መሙላት ይበቃል። በዩኒቨርስ ዕድሜ የማያልቀው ሥራ ከቅጽበት ባነሰ ጊዜ አለቀ ማለት ነው። አንባቢው የከተሞቹን ምሳሌ በወረቀት ላይ በ30 ሳጥኖች ሠርቶ ቢሞክረው ሕጉ ይበልጥ ግልጽ ይሆንለታል።

ለማክኢልሮይና ለሃንት ግን ይህም ብዙ ነበር። በዚያን ጊዜ ዩኒክስ ይሠራበት የነበረው ፒዲፒ-11 ኮምፒውተር በ16 ቢት አድራሻ ሊደርስበት የሚችለው 65,536 ባይት ብቻ ነው። አንድ አንድ ሺህ መስመር ያላቸውን ሁለት ፋይሎች ለማነጻጸር የሚያስፈልገው ሠንጠረዥ አንድ ሚሊዮን ሳጥን ስላለው አይገባበትም። ስለዚህ እያንዳንዱን መስመር በአንድ ቁጥር ወከሉት፤ ሠንጠረዡን በሙሉ በመሙላት ፈንታም መስመሮች የሚገጣጠሙባቸውን ሳጥኖች ብቻ ተከታተሉ። ሁለት የተለያዩ መስመሮች አልፎ አልፎ በአንድ ቁጥር ሊወከሉ እንደሚችሉ ያውቁ ነበርና፣ ፕሮግራሙ በመጨረሻ ወደ ፋይሎቹ ተመልሶ «አንድ ናቸው» ያላቸው መስመሮች በእርግጥ አንድ መሆናቸውን እንዲያረጋግጥ አደረጉት። ፈጥኖ መገመት፣ ከዚያም ግምትን መፈተሽ፦ ይህ ለማንኛውም ተመራማሪ የሚጠቅም ሥርዓት ነው።

እንደ ማዕበል የሚስፋፋ ፍለጋ

እ.ኤ.አ. በ1986 ዩጂን ማየርስ ችግሩን በሌላ ዓይን አየው። ሠንጠረዡን እንደ ከተማ መንገዶች እንቁጠረው። ጉዞው ከላይ ከግራ ማዕዘን ተነሥቶ ታች በስተቀኝ ያለው ማዕዘን ላይ ያልቃል። አግድም መራመድ መስመር መሰረዝ፣ ቁልቁል መራመድ መስመር መጨመር ነው፤ እያንዳንዳቸው አንድ ብር ያስከፍላሉ። መስመሮቹ በተመሳሰሉበት ቦታ ግን በሰያፍ የሚወስድ ነጻ መንገድ አለ። ዝቅተኛውን ክፍያ የሚጠይቀው መንገድ አጭሩ የልዩነት ዝርዝር ነው። ብርሃን በሁለት ነጥቦች መካከል በአጭር ጊዜ የሚደርስበትን መንገድ ይከተላል የሚለውን የፌርማ መርሕ የተማረ አንባቢ ዝምድናውን ወዲያው ያየዋል።

የማየርስ ዘዴ በመጀመሪያ ያለ ምንም ክፍያ የሚደረስባቸውን ቦታዎች፣ ቀጥሎ በአንድ ብር፣ ከዚያም በሁለት ብር የሚደረስባቸውን ይፈልጋል። ፍለጋው በኩሬ ላይ ድንጋይ ሲወረወር እንደሚነሣው ማዕበል ከመነሻው እየሰፋ ይሄዳል፤ ግንባሩ መድረሻውን እንደነካም ይቆማል። ከዚህ የተነሣ ልዩነታቸው ጥቂት የሆኑ ፋይሎች እጅግ ግዙፍ ቢሆኑ እንኳ በፍጥነት ይነጻጸራሉ። ዛሬ በሊኑክስ ላይ የሚገኘው ዲፍም ሆነ ጊት የተባለው የፕሮግራም ታሪክ መዝጋቢ በዚህ ዘዴ ላይ የተመሠረቱ ናቸው።

ይህ ጥያቄ የኮምፒውተር ሰዎች ብቻ አይደለም። ሶል ኒድልማንና ክርስቲያን ዉንሽ የተባሉ ተመራማሪዎች ዲፍ ከመታየቱ በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1970፣ የሁለት ፕሮቲኖችን የአሚኖ አሲድ ቅደም ተከተል ለማነጻጸር ተመሳሳይ የሠንጠረዥ ዘዴ አቅርበው ነበር። ማየርስም በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ1990 ብላስት የተባለውን ታዋቂ የዘረመል መፈለጊያ ዘዴ ካቀረቡት ደራሲዎች አንዱ ነው። አንዲት ፊደል የተለወጠባትን ፕሮግራምና አንዲት ፊደል የተለወጠባትን ዘረመል የሚያይ ሒሳብ አንድ ነው።

የልዩነት ዝርዝር ራሱ ጠቃሚ ዕቃ መሆኑን ያሳየው ደግሞ ላሪ ዎል ነው። እ.ኤ.አ. በ1985 ያወጣው «ፓች» የተባለ ፕሮግራም የዲፍን ውጤት አንብቦ አሮጌውን ፋይል ወደ አዲሱ ይለውጣል። ግዙፍ ፕሮግራም በሙሉ መላክ ቀርቶ የተለወጡትን ጥቂት መስመሮች መላክ በቃ። በተለያዩ አገሮች ያሉ ሰዎች በአንድ ፕሮግራም ላይ አብረው ለመሥራት የቻሉት በአብዛኛው በዚህ መንገድ ነው፤ ሊነስ ቶርቫልድስ እ.ኤ.አ. በ2005 ጊትን የጀመረውም በዚሁ መንገድ ላደገው ለሊኑክስ ሥራ ነበር።

ትእዛዙና መልሱ

አሁን ወደ ተግባሩ እንምጣ። በሊኑክስ ወይም በማክ ኮምፒውተር ላይ የትእዛዝ መስመሩን ከፍተን የሚከተለውን እንጽፋለን፦

ዲፍ -ዩ አንደኛው ሁለተኛው

የፕሮግራሙ ስም በላቲን ትንንሽ ፊደላት ዲ፣ አይ፣ ኤፍ፣ ኤፍ ተብሎ ይጻፋል። ቀጥላ ያለችው ሰረዝና ዩ የተባለችው ፊደል ውጤቱ ለማንበብ በሚመች መልክ እንዲቀርብ ታዛለች። በመጨረሻ የሁለቱ ፋይሎች ስም ይከተላል። በመልሱ ውስጥ የመቀነስ ምልክት የቀደመበት መስመር በመጀመሪያው ፋይል ብቻ፣ የመደመር ምልክት የቀደመበት በሁለተኛው ብቻ የሚገኝ ነው፤ ምልክት የሌላቸው መስመሮች ለአካባቢው ማሳያ የቀረቡ የጋራ መስመሮች ናቸው።

ፋይሎቹ አንድ ከሆኑ ዲፍ ምንም አይናገርም። ለጀማሪ ይህ ዝምታ ፕሮግራሙ ያልሠራ ያስመስለዋል፤ ነገር ግን ዝምታው መልስ ነው። ለሌሎች ፕሮግራሞች ደግሞ ሲያበቃ አንድ ቁጥር ይተውላቸዋል፦ 0 ከሆነ አንድ ናቸው፣ 1 ከሆነ ይለያያሉ፣ 2 ከሆነ ሥራው አልተሳካም ማለት ነው። የዊንዶውስ ተጠቃሚዎች «ኤፍሲ» የተባለ ተመሳሳይ ትእዛዝ አላቸው። ምስልን የመሰሉ ጽሑፍ ያልሆኑ ፋይሎችን ባይት በባይት ለማስተያየት ደግሞ በዩኒክስ ቤተሰብ «ሲኤምፒ» የተባለው ያገለግላል።

እኛም የሁለቱን ተማሪዎች ፋይሎች ለዲፍ ሰጠነው። መልሱ አስደነገጠን፤ 45ቱም መስመሮች ይለያያሉ አለ።

«አንድ ነው» ማለት ምን ማለት ነው?

በገጹ ላይ ስናያቸው አብዛኞቹ መስመሮች ቁጥር በቁጥር አንድ ናቸው። ታዲያ ዲፍ ያየው፣ ዓይናችን ግን ያላየው ምንድን ነው? አንደኛው ፋይል በዊንዶውስ፣ ሁለተኛው በሊኑክስ ላይ የተጻፈ ነበር። ሊኑክስ የመስመርን መጨረሻ በአንድ የማይታይ ምልክት ያመለክታል፤ ቁጥሩ 10 ነው። ዊንዶውስ ግን በሁለት ምልክቶች፣ በ13 እና በ10 ያመለክታል። ይህም የጽሕፈት መሣሪያ በሜካኒክ ይሠራ ከነበረበት ዘመን የተወረሰ ልማድ ነው፦ 13 ማተሚያውን ወደ መስመሩ መጀመሪያ መመለስ፣ 10 ወረቀቱን አንድ መስመር ወደ ላይ መግፋት ነበር። ዲፍ የሚያየው ባይቶችን ነውና በእያንዳንዱ መስመር ላይ አንድ ትርፍ ባይት አገኘ። አልተሳሳተም፤ የተሳሳተው ጥያቄያችን ነበር።

ዲፍ እንዲህ ያለውን ልዩነት ችላ እንዲል የሚያዙ መለያዎች አሉት፤ ሲጠቀሙባቸው ግን ጥንቃቄ ያሻል። ለምሳሌ «-ደብልዩ» የተባለው መለያ ክፍት ቦታን ሁሉ እንደሌለ እንዲቆጥር ያደርገዋል። ለተራ ጽሑፍ አንዳንዴ ይጠቅማል። በልኬት ሠንጠረዥ ላይ ግን «38 1» እና «3 81» አንድ ሆነው ይቆጠራሉ፤ ሁለቱም 381 ይሆናሉና። ማነጻጸሪያውን ታጋሽ ባደረግነው መጠን ዕውርም እያደረግነው ነው።

በቁጥሮች ላይም ተመሳሳይ ጉዳይ አለ። ለዲፍ 2.5 እና 2.50 የተለያዩ ናቸው። የሒሳብ ተማሪ «እኩል ናቸው» ብሎ ሊቆጣ ይችላል። የፊዚክስ ተማሪ ግን ቆም ይላል፤ 2.50 ሰከንድ ብሎ የጻፈ ሰው እስከ መቶኛ ሰከንድ መለካቱን እየመሰከረ ነው፤ 2.5 ያለው ግን ያን ያህል አልመሰከረም። አላዋቂው መሣሪያ ሳያስበው የልኬትን ትርጉም ጠበቀ።

አማርኛ ስንጽፍ ደግሞ ጥያቄው የበለጠ ይጠልቃል። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው የዩኒኮድ 3.0 እትም ውስጥ ገብቶ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ቁጥር አለው። በተለመደው ዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደል ሦስት ባይት ስለሚይዝ «ሰላም» የተባለው ባለ ሦስት ፊደል ቃል 9 ባይት ነው። ለዲፍ «ፀሐይ» እና «ጸሀይ» ፈጽሞ የተለያዩ ቃላት ናቸው፤ አራት ነጥብን በአንድ ምልክት የጻፈና ሁለት ሁለት ነጥብ አከታትሎ የጻፈ ሰውም እንዲሁ። በንግግር አንድ የሆኑትን ፊደላት አንድ አድርጎ የሚቆጥር ፕሮግራም መጻፍ ከባድ አይደለም። ነገር ግን በግዕዝ «ሰረቀ» ሌባ የሚፈጽመው ሲሆን «ሠረቀ» ፀሐይ የምታደርገው ነው፤ «ሰአለ» ለመነ፣ «ሠዐለ» ደግሞ ሥዕል ሣለ ማለት ነው። የትኛው ልዩነት ትርጉም እንዳለው የሚወስነው የቋንቋው ባለቤት እንጂ መሣሪያው አይደለም።

ዲፍ የማያውቀው

የመስመር መጨረሻውን ችግር አስወግደን ትእዛዙን ደገምነው። አሁን 35 መስመሮች አንድ ሆኑ፤ የሚለያዩት 10 ብቻ ናቸው። ዐሥሩም የ90 እና የ100 ሳንቲ ሜትር ልኬቶች ነበሩ። ከመካከላቸው ከየርዝመቱ አንድ አንድ እነሆ፦

-90   38.97
-100  41.02
+90   38.15
+100  40.19

መቀነስ ያለበት 9.33 ያገኘው ተማሪ ፋይል፣ መደመር ያለበት 9.77 ያገኘችው ነው። ዐሥሩም ጊዜያት አጥረዋል፤ ዐሥሩም ውጤቱን ወደሚጠበቀው መልስ የሚያቀርቡ ናቸው። እውነቱን ለመናገር በዚያች ሰዓት ማስረጃው እጃችን የገባ መስሎን ነበር።

ሆኖም ዲፍ የነገረን ሁለቱ ፋይሎች የት ላይ እንደሚለያዩ ብቻ ነው። የትኛው ከየትኛው እንደተለወጠ አልነገረንም። የፋይሎቹን ስም አገለባብጠን ብንጽፍለት ኖሮ የመቀነሱና የመደመሩ ምልክት ይለዋወጥ ነበር፤ «የተሰረዘው» «የተጨመረ» ይሆን ነበር። ዲፍ ታሪክን አያውቅም። የሚሰጠን ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያደርሰውን አጭር መንገድ እንጂ በእርግጥ የተሄደበትን መንገድ አይደለም። አንድ አንቀጽ ከገጹ ራስ ወደ ግርጌው ቢዛወር እንኳ ዲፍ «ከዚህ ተሰረዘ፣ እዚያ ተጨመረ» ከማለት በቀር መዛወሩን አያውቅም።

ስለዚህ የማስታወሻ ደብተሩን አስመጣን። 45ቱ ልኬቶች በአንድ ገጽ ላይ ተጽፈዋል፤ የመጨረሻዎቹ ዐሥር 9.33 ካገኘው ተማሪ ፋይል ጋር አንድ ናቸው። ገጹን ስንገልጠው ግን በጀርባው በእርሳስ፣ በሁለቱም ተማሪዎች እጅ የተፈረመበት አጭር ማስታወሻ አገኘን። ክሩ በመቆንጠጫው ውስጥ 4 ሳንቲ ሜትር ገደማ እንደተንሸራተተ፣ በዚህም ምክንያት 90 እና 100 በድጋሚ እንደተለኩ ይናገራል፤ ዐሥሩ አዲስ ልኬቶች ከሥሩ ተዘርዝረዋል። ተማሪዋ የገለበጠችው እነዚህን ነበር። ባልደረባዋ ገጹን አልገለጠም።

የፊዚክሱ ስሌትም ቃላቸውን ደገፈ። የፔንዱለም ጊዜ ከርዝመቱ ካሬ ሥር ጋር ይመጣጠናልና፣ 100 ሳንቲ ሜትር የተባለው በእርግጥ 104 ቢሆን ጊዜው በ2 በመቶ ገደማ ይረዝማል፤ 40.2 ሰከንድ 41.0 ይሆናል ማለት ነው። በ90ው ላይም 38.1 ወደ 39.0 ከፍ ይላል። በፋይሎቹ መካከል ዲፍ ያሳየን ልዩነት ይኸው ነው። ሁለቱ ረጃጅም ልኬቶች በግራፉ ጫፍ ላይ ስላሉ የመስመሩን ተዳፋት እንደ ረጅም ማንሻ ያነሡታል፤ ከ45 ልኬቶች ዐሥሩ ብቻ ውጤቱን ከ9.77 ወደ 9.33 ማውረድ የቻሉትም ለዚህ ነው።

ማንም አልዋሸም ነበር። አንደኛው ሳይጠነቀቅ ገለበጠ፤ ሁለተኛዋ ተጠንቅቃ ገለበጠች። ደብተሩ ባይኖር ኖሮ ልንቀጣ የተዘጋጀነው የተጠነቀቀችውን ነበር። ለተማሪዋ ጥርጣሬያችንን ነግረን ይቅርታ ጠየቅናት።

ለተማሪዎች ጥቂት ምክር

ከዚህ ታሪክ ለአንባቢዎቻችን የሚተርፍ ተግባራዊ ነገር አለ። አንደኛ፣ ልኬታችሁን በተራ የጽሑፍ ፋይል፣ በአንድ መስመር አንድ ልኬት አድርጋችሁ አስቀምጡ። በቃላት ማቀናበሪያ የተቀመጠ ሰነድ ለዲፍ የተዘጋ ሣጥን ነው፤ «ይለያያሉ» ከማለት በቀር የት እንደሚለያዩ ሊነግራችሁ አይችልም። ሁለተኛ፣ መጀመሪያ የተጻፈውን ፋይል ፈጽሞ አትንኩት፤ ማረም ሲያስፈልግ ቅጂ አውጥታችሁ ቅጂውን አርሙ። ሦስተኛ፣ ሪፖርት ከማስረከባችሁ በፊት የታረመውን ከመጀመሪያው ጋር በዲፍ አነጻጽሩ፤ በወጣው ዝርዝር ላይ ስለ እያንዳንዱ መስመር «ይህን የለወጥሁት ስለዚህ ምክንያት ነው» ማለት ካልቻላችሁ አንድ ስሕተት አግኝታችኋል። አራተኛ፣ ምክንያቱን በዚያው ቀን በማስታወሻ ደብተር ላይ ጻፉ፤ ከገጹ ጀርባ ሳይሆን ከፊት ለፊቱ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። በሳይንስ ሥራ ግን እያደር የሚጠራው ማስረጃው እስከ ተጠበቀ ድረስ ነው። ዲፍ ልዩነቱ የት እንዳለ በቅጽበት ያሳየናል፤ ዓይን የማይደርስበትን ያደርሳል። ልዩነቱ ለምን እንደመጣና እውነቱ በየትኛው ወገን እንዳለ ግን የሚመልሰው በእርሳስ የተጻፈ አንድ መስመርና ገጹን ገልጦ ለማየት የታገሠ ሰው ነው።